ሃያ አራቱ ኮምፒውተሮች

ጋሽ ሚፍታ ከአሰላ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው አጠገባቸው ያለችው መምህርት ሮሐ መሆኗን ያዩት። ቀድመው ቢያዩ ኖሮ ሌላ መኪና ይጠብቁ ነበር። እሳቸው የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ የተቆለፉበትን መጋዘን ክፈቱ እያለች ሦስት ዓመት የጨቀጨቀቻቸው የኮምፒውተር አስተማሪ።

«ጋሽ ሚፍታ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አሥራ አምስት ቀን ቀረው» አለች፣ መኪናው ገና ሳይነቃነቅ።

«አውቃለሁ ልጄ። አላህ ይርዳቸው።»

«አላህ ይርዳቸው፤ እርስዎም ይክፈቱላቸው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ኮምፒውተር እኔ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳልኩላቸውን ነው።»

«ቢሰበርስ? የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ዛሬም የቆጠራ ሪፖርት አስገብቼ መመለሴ ነው። ሃያ አራቱም እንደመጡ አሉ፣ ላስቲካቸው እንኳ አልተነሳም።»

«አመሰገኑዎት?»

«ወላሂ፣ በጣም!»

አልዋሹም። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ዕቃውን ያልተጠቀመበት ሰው ይመሰገናል፤ ሲያስተምርበት የሰበረ ግን ደብዳቤ ይጻፍበታል።

«ያጠና ልጅ በምንም ቢፈትኑት ያልፋል» ቀጠሉ። «የኔዋ ልጅ አላጠናችም፣ አምና ወደቀች። በኮምፒውተር አላሳበብኩም። ዴራ፣ አክስቷ ሱቅ ላክኋት፤ ጨርቅ ትሽጥ።»

«ፈይሩዛ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ምን እንደገጠማት ነገረችዎት?»

«ልትነግረኝ ስትጀምር ሰበብ አታብዢ አልኳት።»

«ለእኔ ነግራኛለች። የመንግሥት ዕቃ ነው ብላ ማውሱን ለመንካት ፈርታ፣ ሃያ ደቂቃ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እያንዳንዱን ጥያቄ በወረቀት ሠርታዋለች። መልሱን ማስገባት ነው ያቃታት።»

ጋሽ ሚፍታ ሮቤ ሲቃረቡ፣

«ማን ፈርሞ ይረከበኛል?» አሉ።

«እኔ።»

«ከመጀመሪያው እንዲህ አትይም ነበር?»

«ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ደብዳቤዎቼም እርስዎ ዘንድ ተቆልፎባቸዋል።»

በማግስቱ መጋዘኑ ተከፈተ። ከሃያ አራቱ ሰባቱ አልነሳ አሉ፤ ማንም ሳይነካቸው ተበላሽተዋል። በቀሩት አሥራ ሰባቱ፣ ልጆቹ ጠዋትና ከሰዓት በተራ ገቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ መምረጥ፣ የተሳሳቱትን ተመልሰው ማረም፣ የቀራቸውን ሰዓት መከታተል ለመዱ። የሒሳቡ መምህር ገብረ መድህን ከተማሪዎቻቸው ጎን ተቀምጠው ማውስ መያዝ ተማሩ፤ በኮምፒውተር ማስተማር ሠልጥነዋል የሚለውን የምስክር ወረቀት ካገኙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ማውስ ተሰበረ። ማንም አልታሰረም።

ጋሽ ሚፍታ ይህን ሁሉ አይተው ዴራ ደወሉ።

«ፈይሩዛ፣ በግል ተመዝገቢና ድገሚ። እዚሁ መጥተሽ ተለማመጂ፤ እኔ ራሴ እከፍትልሻለሁ።»

«አባ፣ የዘንድሮው ምዝገባ ከተዘጋ ቆየ እኮ» አለች። ከዚያ «ስንት ሜትር ልቁረጥልዎት?» ስትል ሰሟት፤ ለደንበኛዋ ነው።