ሬዲዮ ዝም ያለች ጊዜ

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል በር ላይ አንድ የእጅ መታጠቢያ አለ። እጁን ሳይታጠብ የሚገባ ስለሌለ እናትም፣ ሐኪምም፣ የጽዳት ሠራተኛም እዚያ መቆሙ አይቀርም። አንድ ጠዋት ከሌላ ክፍል የተዛወረች ወጣት ነርስ እጇን በሳሙና ስታሽ ከጎኗ የወተት ኩባያ የምታለቀልቅ ሴት አየችና ፊቷ በራ።

«አንቺ የጨርቅ ሱቋ አይደለሽም? የምርቃት ቀሚሴን ጨርቅ እኮ አንቺ ነሽ የሸጥሽልኝ። ጥቁር ልገዛ መጥቼ ሰማያዊ አስይዘሽ የሰደድሽኝ።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ነርሷ ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ ጠበቀች። ያን ዕለት ይህች ሴት ጨርቁን እየለካች ስለ ቀለሙ፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ልብስ ሰፊው አማትና ስለ አማትየዋ ድመት ስታወራላት ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቀችም ነበር። አሁን ግን ሴትየዋ ኩባያዋን አራገፈች፤ ከንፈሯን ገጠመችና ወደ ውስጥ ገባች። ነርሷ አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ቀረች።

ይህችን ሴት በሱቁ አካባቢ የሚያውቃት ሁሉ ሬዲዮ ይላታል። ስሙን ያወጣላት የሱቁ ባለቤት ነው። ሱቁ ሲከፈት አብራ ትከፈታለች፣ ሱቁ ሲዘጋ ግን እሷን የሚዘጋ ቁልፍ አልተገኘም ይላል። ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። አስተማሪዋ ከሌሎቹ ለይቶ ብቻዋን ቢያስቀምጣት ከግድግዳው ጋር ታወራ ነበር። አባቷም የዚችን ልጅ ምላስ ለጎረቤት ብናውሰው ለእኛ ይተርፋል ይሉ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጭነቱ እስኪወርድ ድረስ ወሬዋን በስልክ እየሰማ ሲስቅ፣ ጫኝና አውራጆቹ ምን አለች ብለው ይከቡታል።

አማቷ ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ነው ይላሉ። ማርገዟን ባወቀች ዕለት ለሱቁ ባለቤት ነገረች። ለደንበኛ ነገረች። መንገድ ለጠየቃት ሰው እንኳ መንገዱን ካሳየች በኋላ ነገረች። ሆዷ ሳይታይ ሰፈሩ አወቀ። አማቷ ቀስ ብለው፣ ያልሞላ ነገር አይወራም፣ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው መክረዋት ነበር። እሷ ስቃ አለፈችው።

ልጁ ሁለት ወር ሲቀረው ተወለደ። በማግስቱ አማቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡና ድምፃቸውን ሳያነሱ «አፍሽ አስቸኮለው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮ ተዘጋች። አማቷ በቤታቸው የኖረውን ሥርዓት ነገሯት። ያልሞላ ልጅ መወለድ የነበረበት ወር እስኪደርስ ድረስ በፊቱ ቃል አይነገርም፤ ስም አይወጣለትም፤ ስለ እሱም ለማንም አይወራም። ሴትየዋ አልተከራከረችም። አስገድደዋትም አይደለም። በደለኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ቅጣቱን ሲነግሩት እፎይ ይላል።

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ። መጀመሪያ አዋሯት። መልስ ሲያጡ ኮራች አሉ፤ ከዚያ ከፋት አሉ፤ ከዚያ ተዉአት። ባሏ ከሩቅ ከተማ ሲደውል «ደህና ነው» ትልና ዝም ትላለች። እሱም፣ መስመሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የተቋረጥሽው ይላል። ለመሳቅ ይሞክራል። ከስልኩ በስተጀርባ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ እሱም ይጠፋል።

እሷ በማሞቂያው ሣጥን መስታወት ልጇን ታየዋለች። ጨርቅ ሻጭ ናትና በጨርቅ ትመስለዋለች፤ ጠርዙ ሳይዘመዘም ከስፌት መኪና የወረደ፣ ቢነኩት የሚተረተር። ነርሶቹ አውጥተው ደረቷ ላይ ሲያስተኙላት ታቅፈዋለች። ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ትንፋሿ ቃል ሆኖ እንዳያመልጣት ትፈራለች። ኮፍያው ወደ ዓይኑ ሲንሸራተት በጣቷ ትመልሰዋለች። ይህችኑ ነገር ቀድሞ ብታያት ለሰፈሩ ሁሉ የሳምንት ወሬ ትሆናት ነበር። አሁን የምታየው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተከመረ። ዝም ያለ ሰው ውስጡ ጸጥ ያለ ይመስለናል፤ እንዲያ አይደለም።

አዲሷ ነርስ ነገሩን ተከታተለች። የእናትየዋ ወተት እየቀነሰ፣ የልጁ ክብደት እንደቆመ አየች። ባልደረቦቿን ስትጠይቅ ጠባይዋ ነው አሏት። ነርሷ ግን ጠባይዋን ታውቃለች፤ ሰማያዊው ቀሚስ እስካሁን ቤቷ አለ። ስለዚህ አማትየዋ የታጠበ ልብስ ይዘው የመጡ ዕለት ሁለቱንም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ለምን እንደማትናገር ልጠይቅዎት?»

«ምራቴ ናት» አሉ አሮጊቷ። «የምትናገረውን ተናግራ ጨርሳለች።»

«አትናገሪ ያሏት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም። እናቴ ለእኔ ያሉኝን ነው የነገርኳት። ለእሳቸውም እናታቸው። አንቺ ብዙ ተምረሻል፣ እግዜር ይባርክሽ። እኔን ያስተማሩኝ ዝም ማለት ነው። ዝምታ ወርቅ ነው።»

«ወርቅ ነው። ግን ወርቅ አያሞቅም፣ እማማ።»

የአሮጊቷ ከንፈር ሊስቅ ቃጣውና ተመለሰ። ነርሷ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። ልጅ ያለጊዜው የሚወለደው በምን እንደሆነ አስረዳቻቸው። አንዳንዴ በእናትየዋ ደም ግፊት ነው፤ አንዳንዴ ቁስለት በሚያመጣ ጀርም ነው፤ አንዳንዴ የማሕፀን አፍ ቀድሞ ይላላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐኪሙም ምክንያቱን አያውቅም፤ አላውቅም ማለትም ነውር የለበትም አለች። አሮጊቷ አዳመጡና ወሬ ነገር እንደሚያፈጥን ግን በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ።

«እማማ፣ ልጅ በወሬ የሚወለድ ቢሆን እኛ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ምን ያስገዛናል? ምራትዎን ማዋለጃ ክፍል አስቀምጠን እናስወራት ነበር።»

«ታሾፊብኛለሽ።»

«አላሾፍብዎትም። ይቺን ሴት መንከባከብ ሥራዬ ነው። ልጇ ቀድሞ ስለመጣ በደለኛ ተባለች፤ ጥፋት ግን የለባትም። ይህን ሰው ሊነግራት ይገባ ነበር።»

ሬዲዮ ወለሉን እያየች ነበር። ቀና ብላ ነርሷን አየቻት።

ነርሷ ቀጠለች። «ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ ጠዋት ማታ የሚሰማው ምን ነበር? የእሷን ድምፅ ነው። መቼም ከሌላ ልጅ አብልጦ ሰምቷል። ከዚያ ድንገት ወጣ። ብርዱ አዲስ፣ መብራቱ አዲስ፣ መርፌው አዲስ። ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበረው፤ እሱንም ዘጋንበት።»

አሮጊቷ ወደ ክፍሉ በር ተመለከቱ። «ታዲያ ብታወራለት ይተርፋል ነው የምትይኝ?»

«እንዲያ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። የሚያሳድገው ወተቱና ሙቀቱ ነው። ግን እናቱ ደረቷ ላይ ይዛው በዝግታ ስታወራው ይረጋጋል፤ እንቅልፉ ይጠናል። እሷም ትረጋጋለች። እናት ስትረጋጋ ወተቷ ይወርዳል። አሁን ያየሁት ግን ሁለት ሰው ተቃቅፎ ሁለቱም ብቻቸውን ሲሆኑ ነው።»

አሮጊቷ የሻርፓቸውን ጫፍ አጥፈው፣ ዘርግተው፣ መልሰው አጠፉት።

«የነገሩ ሥር ይኸውልሽ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ አይተርፍም። እናቴ ያሉኝ፣ ያላወራሽው ልጅ ሲሄድ አያቃጥልም ነው።»

የተናገረችው ሬዲዮ ናት። ድምፅዋ ብዙ ጊዜ እንዳልተከፈተ በር ሻካራ ነበር።

«አላቃጠለዎትም፣ እማዬ?»

አማትየዋ ምራታቸውን አላዩም።

«ከባልሽ በፊት ነው» አሉ። «ወንድ ነበር። ዝም ብዬ አቅፌው ሄደ። ስምም አላወጣሁለት። ከእሱ በኋላ የሞቱብኝን ስማቸውን ስጠራ ትንሽ ይቀለኛል። እሱን ግን ምን ብዬ ልጥራው?» ሻርፓቸውን ለቀቁት። «ያቃጥላል ልጄ። አሁንም ያቃጥላል።»

ክፉ ልማድ ሁሉ ከክፉ ሰው አይመጣም። ይህኛው የመጣው ልጅ መቅበር ከሰለቻቸው እናቶች ነው። ኀዘኑን የሚያቀልላቸው መስሏቸው ለልጆቻቸው አወረሱት፤ ልጆቹም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ጠበቁት። ሳይጠየቅ የሚወረስ ነገር እንደ ድሮ መድኃኒት ነው፤ ጊዜው አልፎበትም ጠርሙሱ አይጣልም።

አሮጊቷ ተነሡ። «ግቢ፤ አውሪው» አሉ። «በአፌ ያሰርኩሽን በአፌ ፈታሁሽ። አንቺ አላስቸኮልሽውም።»

ገቡ። ነርሷ ልጁን ከሣጥኑ አውጥታ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችውና በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ስንት የተከመረ ነገር እያላት ጫፉን አጣችው።

«ምን ልበለው?» አለች።

«ጉድ ነው» አሉ አማቷ። «ሬዲዮ ወሬ አጣች።» በዚህ ስም ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። ከአጠገባቸው ያለችው እናት ሳቀች፤ ሬዲዮም ፊቷ ተፈታ።

«ኮፍያህ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ጥጥ ነው ብለው ነው ለአያትህ የሸጡላቸው። ጥጥ አይደለም። አንድ ጊዜ ሲታጠብ ለአሻንጉሊት ነው የሚሆነው። እኔ ጋ ቢመጡ ኖሮ እንዲህ ያለውን ከመደርደሪያው አላወርደውም ነበር። ግን አትንገራቸው፤ ቆመው እየሰሙን ነው…» ከዚያም ስለ ሱቁ ባለቤት ነገረችው፣ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ስለ አባቱ መኪና። የልጁ ግንባር ላይ የነበረው ሽብሽብ ላላ። ነርሷ ምልክቱን አስተማረቻት፤ ጣቶቹን ከበተነ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ስቅ ካለው ደክሞታልና ይበቃዋል ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ከብርድ ልብሱ ሥር ትንሿ እጅ ወጥታ ጣቶቿን ዘረጋች። ሬዲዮ ቃሉን ከመካከሉ ቆርጣ ዝም አለች። አስተማሪዋ ለይቶ በማስቀመጥ፣ አባቷ በተረብ ያልቻሉትን እሱ በአንድ እጅ ቻለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሚጠራጠር ሰው መናገር ይገባል። ወተቷ ተመለሰ። የልጁ ክብደት በአንድ ቀን ባይሆንም መጨመር ጀመረ። አብዛኛውን ቀን ደረቷ ላይ ስለሚውል ከማሞቂያው ሣጥን ቀስ በቀስ ተላቀቀ። ለልጁ ስም አወጣችለት፤ ባሏ በስልክ ሰምቶ፣ መስመሩ ተሠራ ማለት ነው አለ። እናቶቹም ከእሷ እያዩ ለልጆቻቸው ማውራት ለመዱ። ሁሉም ግን አልተረፈም። ያን ቀን የሳቀችው እናት አንድ ጠዋት ልጇን አጥታ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሬዲዮ ሄዳ አቀፈቻት። የምትለው አልነበራትም፤ ዝምታም ቦታ እንዳለው በዚያ ቀን ተማረች። ያቺ እናት «ልጄ ድምፄን ያውቅ ነበር» አለቻት። ይህን ይዛ ከበሩ ወጣች።

የመውጫቸው ቀን ሲቃረብ ሬዲዮ የጡቷን ወተት ልታልብ ስትነሣ አማቷ ወንበሩን ቀድመው ያዙት።

«አያትም ደረቱ ላይ ማስተኛት ይችላል ብለሻል» አሏት ነርሷን።

«ይችላል፣ እማማ።»

ነርሷ ልጁን ደረታቸው ላይ አስተኛችላቸው፤ ሻርፓቸውን በላዩ ዘረጋችና ወደ ሌላው ሣጥን ሄደች። ሬዲዮ ከበሩ አጠገብ ቆመች። አሮጊቷ መጀመሪያ ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ነውና ቶሎ አልለቀቃቸውም። ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚሰማ ሰው የሌለ ሲመስላቸው አንገታቸውን ወደ ኮፍያው አዘነበሉ።

«አጎት ነበረህ» አሉት።