ፎቶው ያስወረደው ሰው

ከምኖርበት ከጎንደር ዘመድ ጥየቃ መጥቼ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት ነው። አንዲት እናት ትልቅ ፎቶ አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ፎቶው የልጃቸው ነው፤ ተማሪዎች ሲያሻግር ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና የገደለው ትራፊክ ፖሊስ። የዚያን ዕለት ጉደር ላይ መታሰቢያው ነበር።

«ይግቡ እማማ፣ ጠጋ ጠጋ ይላሉ» አለ ሹፌሩ።

«ሞልቷል እኮ! ፎቶው ካልደረሰ አይጀምሩም። ግን ልጄን በትርፍ ተጭኜ ሄጄ ላስበው?»

«ዛሬ ማን ይቀጣናል? ትራፊኮቹ በሙሉ እዚያ ናቸው።»

«ይኸው አንዱ!» ብለው ፎቶውን ወደ እሱ አዞሩት።

ሹፌሩ ቀበቶውን አሰረ።

በሩ አጠገብ የነበረ ጎልማሳ ተነስቶ ወረደ። «በሉ እማማ፣ እኔ ቦታ ይቀመጡ። በሕይወት እያለ ትርፍ ነህ ብሎ ሁለቴ ከዚሁ መኪና አስወርዶኛል።»

«ታዲያ ዛሬ ማን አስወረደህ?» አለ ሹፌሩ።

«ራሱ ነዋ! ሞቶም አለቀቀኝ።»

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑት እናት ሲቀመጡ። «አሁን ትርፍ የለም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ሹፌሩ።

ለትርፍ ሰው በምትቀመጠው በርጩማ ላይ የነበርኩት እኔ፣ የፎቶውን ዓይን ሽሽት አንገቴን ደፍቼ ቀሚሴን በበርጩማዋ ላይ ዘረጋሁባት።