ውሻችን ፍሎሪዳ ልትሄድ ስትል

የምንኖርበት የሪችፊልድ ከተማ ብርድ ሲያማርረን፣ ለእረፍት ፍሎሪዳ ባሕር ዳር እንሂድ ተባባልን። ልጄ ግን ያለ ውሻዋ ንቅንቅ አልልም ብላ ድርቅ አለች። ምን ላድርግ? ውሻ የሚቀበል ሆቴል ፈልጌ ደወልኩና፣ «ለውሻዋ የራሷ አልጋ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ቆይ ላጣራ ብሎኝ ስልኩን ይዤ ስጠብቅ፣ አብራን የምትኖረው እናቴ ከሶፋው ቀና አለች።

«ውሻዋም ትሄዳለች?»

«አዎ እማዬ፣ ብቻዋን ከቀረች ይከፋታል።»

«ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አልኳት፣ እንደ ዘበት።

እናቴ ውሻዋን አየቻት፤ ቀጥላም እኔን።

«በእኛ አገር እንኳ ቤት የሚጠብቀው ውሻ ነበር!»

የምገባበት ጠፋኝ። ሰውዬው ተመልሶ «አልጋ አለን» ሲለኝ፣ «ተባረክ፤ አንድ የሰው አልጋም ጨምርልን» አልኩት።