ሰክራ ነው ያልኳት ርግብ

በደርግ ጊዜ ነው። ከእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ ነጩን ጋዋን ለብሼ ሱቅ ሳይቀር እሄድ ነበር። አንድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ ስንመለስ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ የሚኖሩት ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ጠሩኝ። አጥራቸው ሥር አንዲት የዱር ርግብ አንገቷ ተጠማዝዞ መሬት ላይ ትሽከረከራለች። "ጓድ ሐኪም፣ ፈንግል እንዳይሆን! ዶሮዎቼን እንዳይጨርስብኝ" አሉኝ። አጠገቧ የተደፋ የጠላ አተላ አየሁና፣ "እማማ፣ ፈንግል የዶሮ በሽታ ነው፤ ይቺ ሰክራ ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ። ከስብሰባ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ስለጣመኝ ርግቧን አንስቼ፣ ስካሯ እስኪበርድላት ብዬ የእናቴ ዶሮ ቤት አስገባኋት።

ርግቧ በማግስቱ ሞተች። በሳምንቱ የእናቴ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠማዘዘ ይወድቁ ጀመር፤ ከሰባቱ አንዷም አልተረፈች። እማማ በላይነሽን ላስጠነቅቅ እየሮጥኩ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ፣ "እዚያው ቁም! ከታመሙት ዘንድ ነው የመጣኸው" አሉኝ።

"እማማ፣ ተሳስቼ ነው፤ ዶሮዎቹን ይዝጉባቸው!"

"ያን ዕለት ዘግቼባቸዋለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሰው ሲስቅልህ ደስ ብሎህ ነበራ፤ ምን ልበልህ?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በሽታው ሲያልፍ ለእናትህ ሁለት ቄብ ዶሮ እሰጣታለሁ። ግን ራሷ መጥታ ትውሰድ፤ አንተ እንዳትነካቸው።"