የተጠራነው እኛ አይደለንም

ታክሲ ውስጥ የሰው ወሬ አልሰማም የሚል ሰው ይዋሻል። ከጎፋ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ስንሄድ ከፊቴ አንዲት እናትና የአብራሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጃቸው ተቀምጠዋል።

«ከካፒቴኑ ጋር ተጣላሽ አሉኝ።»

«አልተጣላንም እማዬ። የበረራ መጠሪያችን ከሌላ አውሮፕላን የሚለየው በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ያኛውን ‹ውረድ› ሲለው፣ ካፒቴኑ እኛን ያለ መስሏቸው እሺ አሉ።»

«አንቺስ?»

«‹ካፒቴን፣ የተጠራነው እኛ አይደለንም› አልኳቸው።»

«አባትሽ በሚሆኑ ሰው ላይ! ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በዪ ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ?»

«‹እኛ ነን› አሉኝ። ሬዲዮውን ይዤ ተቆጣጣሪውን ጠየቅኩ። ‹እናንተ አይደላችሁም፣ እንዳትወርዱ!› ተባልን። ከበታችን ሌላ አውሮፕላን እያለፈ ነበር።»

«በስመአብ! ያን ሁሉ ሰው ጭናችሁ!»

«አንድም ባዶ ወንበር አልነበረም።»

«ታዲያ ከሥራ አስወጡሽ?»

«ስናርፍ ካፒቴኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹ዛሬ ሁላችንንም ቤታችን ያስገባችን እሷ ናት› አሉ። ነገም አብራኝ ትብረር ብለዋል።»

እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት። ሾፌሩ ደንግጦ ዘፈኑን ዘጋ።

«ሰማችሁ? የኔ ልጅ ናት! ዝም በዪ ስላት እምቢ ያለችው!»

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና! እኔ ላይ ግን እንዳትለምጂው።»

መውረጃዬ ለቡ መብራት ኃይል ነበር፤ ሀይሌ ጋርመንት እስክንደርስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።