የማስረሻ ክንድ

በአንዲት የገጠር ከተማ፣ ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ የሻረግ ሕፃን ልጇን ማስረሻን እንዳዘለች የትልቅ ልጇን የእናኑን መምህርት ስንዱን በአፀደ ሕፃናቱ ክፍል ታናግራለች።

የሻረግ፦ መደመሩን በጠጠርም በባቄላም አስተምሪያት፤ አልጠላሁም። ክሩን ግን ከእጇ አውጪልኝ።

ስንዱ፦ እትዬ የሻረግ፣ እኔ እኮ ቤት ያገኛችሁትን በክር ለኩ፣ የቱ እንደሚረዝም፣ የቱ እንደሚያጥር እዩ ነው ያልኳቸው። ሒሳብ ከቤታቸው ይጀምር ብዬ ነው።

የሻረግ፦ ጀመረላታ። የእንስራውን አንገት ለካች፣ ተውኳት። የአህያዋን ጆሮ ለካች፣ ሳቅኩ። አሁን ደግሞ ወንድሟን ተኝቶ ሳለ ስትለካው አገኘኋት። የተኛ ሰው የሚለካው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ስንዱ፦ ለመቃብር።

የሻረግ፦ ስሙን አትጥሪብኝ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ነው።

ስንዱ፦ ቁመቱን አይደለም የለካችው። የክንዱን ዙሪያ ነው። በየሳምንቱ እየለካች፣ ክሩን እየቆረጠች ታመጣልኛለች። ያውና ግድግዳው ላይ።

የሻረግ፦ የልጄን ክንድ ግድግዳ ላይ ሰቀልሽው? መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው?

ስንዱ፦ መንገደኛ አያየውም። እርስዎ ይዩት። ቀዩ ክር የጎረቤትዎ ሕፃን ነው፤ ነጩ ማስረሻ ነው። ከዚህ ጀምረው ወደዚያ ይመልከቱ።

የሻረግ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ስንዱ፦ ፊደል የለበትም።

የሻረግ፦ ቀዩ ይረዝማል።

ስንዱ፦ ነጩስ?

የሻረግ፦ አጥብቃ አስራው ነዋ። ልጅ ናት፣ ምኑን ታውቀዋለች?

ስንዱ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ አስደገምኳት። ያው ነው የሆነው።

የሻረግ፦ ይጠባል እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ይጠባል።

ስንዱ፦ እርስዎስ ምን ይበላሉ?

የሻረግ፦ ዘንድሮ የዘራነው ምን እንደደረሰበት ሰው ሁሉ ያየው ነው። አታድርቂኝ።

ስንዱ፦ ጤና ጣቢያ አልሚ ምግብ ይሰጣሉ፣ ያለ ክፍያ። ክንዱን ለክተው ነው የሚሰጡት።

የሻረግ፦ እነሱም ይለካሉ?

ስንዱ፦ ክንዱን ብቻ።

የሻረግ፦ ታላቅ ወንድሙን አበጀን ያረፈ ዕለት አባቱ በመቃ ለካው። መቃዋን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህማ ጭራሽ ቤቴ ውስጥ ሰው አይለካም። ይህንንም ማስረሻ ያልኩት እሱን እንዲያስረሳኝ ነው።

ስንዱ፦ አበጀን በሕይወት ሳለ የለካው ሰው ነበር?

የሻረግ፦ ማን ይለካዋል? ያኔም ልጅ አይለካም ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ስንዱ፦ እናኑ ትናንት ምን አለችኝ መሰልዎት? «እትዬ፣ ክሩ እንዲህ እያጠረ ሄዶ ሲያልቅስ?» አለችኝ። ፈራሁ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ ክር አለሽ?

ስንዱ፦ አለ።

የሻረግ፦ በይ ለኪው። እንዳዘልኩት ግን። እንዳታስተኚው።