ከዕፅዋት ማዕከሉ ስላልወጡት ሰዓት ሠሪ

የምስክር ቃል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ራዲዮ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ማዕከል የቀን በር ጠባቂ
አድራሻ፦ ከተማው ዳር፣ ከማዕከሉ አጥር ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ቤት ቁጥር 6
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ግለሰብ በማታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የጨረስኩ፣ ከአርባ ሦስት ተማሪም ሁለተኛ የወጣሁ በመሆኔ (አንደኛ የወጣችው ቀድሞም ትንሽ ትችል ነበር) ቃሌን በራሴ እጅ ልጻፍ ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። መርማሪው «ወሬ ሳታበዛ» ብለውኛል።

አርብ ዕለት በሰጠሁት ቃል «ሟች ሐሙስ በ11፡10 ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ» ብያለሁ። ይህ ሐሰት ነው። አላየሁም። በዚህ ቃሌ የተነሳ የሌሊቱ ጠባቂ «በሩ ከተዘጋ በኋላ ሟችን መልሰህ አስገብተሃል» ተብሎ ታስሯል። እሱ የሌለበት ነገር ነው።

ሟች ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዘወትር ሐሙስ በ9 ሰዓት ይመጡና ከቀርከሃው ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይቆያሉ፤ በ11፡10 ይወጣሉ። ማዕከሉ አርባ ሄክታር ነው። ከበሩ እስከ ቀርከሃው በእኔ እርምጃ እንኳ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እኔን በእርምጃ የሚቀድም ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ የለም።

ቀድሞ አሠራራችን እንዲህ ነበር። ለገባ ሰው ሁሉ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ይመልስና ከምስማሩ ላይ ይሰቀላል። በመዝጊያ ሰዓት ባዶ ምስማር ከታየ ውስጥ ሰው ቀርቷል ማለት ስለሆነ ፊሽካ እየነፋሁ ገብቼ እፈልጋለሁ። በአሥራ አራት ዓመት አንድም ሰው ቆልፌበት አላውቅም። ትምህርቴን የጨረስኩ ሰሞን ግን አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «ቆርቆሮ የመሃይም ነው፤ ለእኔ መዝገብ ይሰጠኝ» አልኩ። ተሰጠኝ። ቆርቆሮዎቹን በካርቶን አድርጌ ዕቃ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እጄ ሲጽፍ ገና ዝግ ይላል። በመውጫ ሰዓት ሰው ሲጋፋኝ ፊደሌ ስለሚበላሽ፣ የሟችን መስመር ገና ሲገቡ መግቢያውንም መውጫውንም አሳምሬ እሞላው ነበር። አንድ ቀን አዩኝና ሳቁ።

«አንተ ራዲዮ፣ ገና ሳልገባ አስወጣኸኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እንደሁ ዝንፍ አይሉም።»

«ሰው እኮ ነኝ። የግድግዳ ሰዓት አደረግኸኝ» ብለው ትከሻዬን መታ አድርገው ገቡ። እኔ ይህንን እንደ ሙገሳ ቆጥሬ ለባልደረቦቼ አወራሁት።

ሐሙስ ዕለት ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ሲወጣ በሩ ተጨናነቀ። ግርግሩ ሲያልቅ መዝገቡን አየሁ፤ ሁሉም ወጥቷል ይላል። 11፡30 ላይ ፊሽካ ሳልነፋ ቆለፍኩ።

ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የበሩ ስልክ ጮኸ። የሟች ልጅ ነበረች። «አባዬ ወጥቷል? ስልኩን እኔ ቤት ጥሎት ነው የሄደው» አለች። በስልክ ለሰው ሳነብ የመጀመሪያዬ ስለነበር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቀኑንም ተራ ቁጥሩንም ጨምሬ «የመውጫ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ከአሥር» ብዬ አነበብኩላት። «እርግጠኛ ነህ ወንድሜ?» አለች። «እህቴ፣ ተጽፏል እኮ» አልኳት። እሷም ፌርማታውን፣ መንገዱን፣ ሆስፒታሉን ስታስስ አደረች። ወደ እኛ የመጣ ሰው የለም።

አርብ ጠዋት 1፡30 ላይ አትክልተኛዋ ከቀርከሃው ጥግ ወደ ኩሬው ከሚወርደው የድንጋይ ደረጃ አጠገብ አገኘቻቸው። እግራቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ «ያረፉት ሊነጋ ሲል ነው» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከደረጃው ሥር ጀምሮ ሣሩ ተደፍጥጦ ነበር፤ በክርናቸው እየተሳቡ ወደ መንገዱ ሃያ እርምጃ ያህል መጥተዋል። ራሴ ለክቼዋለሁ።

የዚያኑ ጠዋት ልጃቸው በሩ ላይ አገኘችኝ። ሐሙስ ከእሷ ቤት ሳይወጡ ተጣልተው «ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጣ» ብላቸው እንደነበር ነገረችኝ። «ግን በሰዓቱ ወጥቷል። ወደ እኔ ሊመጣ ነበር ማለት ነው፤ ከመንገድ ምን እንደመለሰው እንጃ። እንኳን አነበብክልኝ» ብላ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከእሷ ተለይቼ በቀጥታ ወደዚህ መጥቼ ነው «በዓይኔ አይቻለሁ» ያልኩት። ለእሷ ብዬ ነው እንዳልል፣ ለራሴም ፈርቼ ነው።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። መርማሪው ይህ ቃል እንደሚነበብላት ነግረውኛል። ሌላ ሰው ከሚያነብላት እኔ ላንብብላት ብዬ አመልክቻለሁ። ሐሙስ ያነበብኩላትም እኔ ነኝ።

ይህንን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ጽፌ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። አርብ በሰጠሁት ሐሰተኛ ቃል በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሩ ጥያቄ ለሟች ልጅ ቀርቦላት ተስማምታለች። 4፡05 ላይ ወደ ክፍሉ ገብታ ተቀምጣለች።